ለባዶ መደብ ያጨበጨቡ ዕለት

የልጄ ልጅ ሲፈን ሰሞኑን በረንዳው ላይ ቆማ አየር ስትጠቁም ነው የከረመችው። እግሯን ገጥማ ትቆምና በእንጨት ማንኪያ ወደ ታች እያመለከተች «ዚስ ኢዝ ዘ ሩት» ትላለች፤ ሥሩ ይህ ነው ማለቷ ነው። ማንኪያውን ትንሽ ከፍ ታደርግና ግንዱን ትጠራለች፤ ደግሞ ከፍ ታደርግና ቅጠሉን። ማንኪያው በሚያርፍበት ቦታ ሥርም ግንድም የለም። ሲሚንቶ ነው ያለው።

«ሥሩ የታል?» አልኳት።

«አኮ፣ እንዳለ አድርገን ነው የምናስበው። ቲቸር ናት እንደዚያ በሉ ያለችን።»

አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እዚህ ዓለም ገና ከተማ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራኝ በዚሁ ነው።

ልምምዱ ለወላጆች ቀን ነው። የሚያስቀው ነገር ልጅቷ ባቄላ አላት። በወተት ጣሳ ዘርታ፣ በየጠዋቱ ውኃ እያጠጣችው፣ እዚያው በረንዳ ላይ ከእግሯ አጠገብ አበባ ሊያወጣ ደርሷል። ትምህርት ቤቱ ግን አዳራሹ ሴራሚክ ስለሆነ አፈር ይዞ መምጣት ክልክል ነው ብሏል። ስለ ተክል የሚያስተምር ትምህርት ቤት አፈር ይጠየፋል። ሄጄ አስተማሪዋን ብጠይቃት «እማማ፣ ዋናው እኮ ስፒኪንጉ ነው» ብላ ትከሻዬን ዳበሰችኝ፤ እንደ ሕፃን።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ንዴቱ የመጣው ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ትርኢት ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ያን ጊዜ ሰበታ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ከጅማ መንገድ በታች ነበር። የእኛ አገር ጥቁር አፈር በክረምት እግር ይዞ አልለቅም ይላል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቅና የጥጃ እግር ይውጣል። በዚያ አፈር ላይ የገብስ ቆሎ በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ፣ እየቆረጠምኩ እመላለስ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ድረስ በአማርኛ የምናውቃት ላም ሰባተኛ ክፍል ስንገባ በእንግሊዝኛ መጣች። ቀንዷም፣ ጡቷም፣ የምታመነዥከው ሣርም ስሙ ተለወጠ። ብዙ ልጆች ያኔ ነው ተስፋ የቆረጡት። እኔ ግን ወደድኩት። ቤት ውስጥ ራፉ የምንለው፣ ገበያ ላይ ጎመን የሆነው፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ ካቤጅ ሲባል ሀብት የተጨመረልኝ ይመስለኝ ነበር። መንገድ ለመንገድ ያየሁትን ሁሉ በሦስት ቋንቋ እየጠራሁ እሄዳለሁ። የሚሰማኝ አህያ ብቻ ነበር፤ እሱም ከብዙ ሰው ይሻላል።

የሳይንስ አስተማሪያችንን «ሰር» ነበር የምንለው። ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። መስከረም ላይ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን መሬት በገመድ ከፋፍሎ ለእያንዳንዳችን የአትክልት መደብ ሰጠን። ሕጉንም ራሱ አወጣ፤ እያንዳንዱ የራሱን መደብ ያለማል፣ በወላጆች ቀን በመደቡ ፊት ቆሞ ስለ ተክሉ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ከዚያ ምርቱን ለቤቱ ይወስዳል። ጥሩ ሕግ ነበር። ዛሬም ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ።

ይህ ቀን ለሌሎቹ ልጆች ጨዋታ ነበር። ለእኔ ግን የመማሬ ነገር የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ከተጂ ከተማ የጋብቻ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። አባቴ ኦቦ ቶሎሳ ገበሬ ነው፤ ችኩል ሰው ስላልነበር ለሽማግሌዎቹ እሺም እምቢም አላላቸውም። ማታ እሳት ዳር ጠርቶኝ እንዲህ አለኝ፦ «የወላጆች ቀን የተባለው ዕለት መጥቼ አያለሁ። እዚያ ቆመሽ የተማርሽውን ስትናገሪ ካየሁ ትቀጥያለሽ። ካላየሁ የተጂዎቹን እሺ እላለሁ።»

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው። የሰው ማሳ ሲጎበኝ፣ ባለቤቱ ምንም ያህል ቢያወራ፣ ገብቶ አንድ አገዳ ነቅሎ ሥሩን ሳያይ አያመሰግንም። ከዳር ቆመው «እሰይ፣ እሰይ» የሚሉትን ሰዎች ይንቃቸው ነበር። ሥሩን ያገላብጣል፣ አፈሩን ያራግፋል፣ ያሸታል፤ ከዚያ ነው አንድ ቃል የሚወጣው። እኔም እሱ ነቅሎ የሚያየው ነገር ማብቀል ነበረብኝ።

ጥቅል ጎመን ተከልኩ። በጋውን ሙሉ ከወንዙ በቆርቆሮ ውኃ ቀዳሁ። ማለዳ ማለዳ አንገቱን የሚቆርጠውን ትል እየለቀምኩ ዙሪያውን አመድ ነሰነስኩ። ሰር ሰሌዳው ላይ በቀለም ጠመኔ ቢራቢሮ ስሎ ውበቷን በእንግሊዝኛ ሲያስጠናን፣ እኔ ቅጠሉ ሥር የጣለችውን ቢጫ እንቁላል በጥፍሬ እፍቅ ነበር። ቀስ በቀስ ቅጠሉ እየተጠቀለለ እንደ ጡጫ ጠጠረ። የጎረቤቴ የጌታሁን መደብ ደግሞ የገና በዓል ሳይደርስ ደረቀ። ጌታሁን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ውኃ ከመቅዳት በስተቀር ምንም ነገር አይከብደውም ነበር።

የወላጆች ቀን ሊደርስ ሲል ሰር መደቡ ድረስ መጣ። ከሣሩ ወዲህ ቆሞ፣ ጫማውን እየጠበቀ፣ ጎመኔን አየና ስለ እሱ የሚናገረው ጌታሁን ነው አለኝ። ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያመጣው የጌታሁን አባት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ሰር፣ የተከልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ውኃ አጠጣሽ፤ እሱ ይናገራል። ሥራ መከፋፈል ይባላል።»

«ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት። እኔም እችለዋለሁ፤ ልበልልዎት?»

እጄን አየ። «እንግሊዝኛ በዚህ ጥፍር አይነገርም» አለና መሐረቡን አወጣ። እኔ ሳልነካው እጁን ጠረገ።

አላለቀስኩም። ሰዎች ይህን ስነግራቸው አለቀስሽ ወይ ይሉኛል። ለመሐረብ አይለቀስም። ያሰብኩት ስለ ሕጉ ነው። ሕጉ ሦስት ነገር ይላል፤ ማልማት፣ መናገር፣ መውሰድ። ማልማቱን ጨርሻለሁ። መናገሩን ነጠቀኝ። ስለ መውሰዱ ግን ምንም ያለው ነገር የለም። ስለዚህ በወላጆች ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ጆንያ ይዤ ሄድኩና ጎመኔን አንድ በአንድ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቀልኩ። መሬቱን በእጄ አስተካከልኩት፤ ሥራዬን አጉድዬ መሄድ አልወድም። ከዚያ ጆንያውን አጥሩ ሥር አስቀምጬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ግንቦት ሊያልቅ ነበር። ከመናገሻ በኩል ደመናው ጠቁሮ የዝናብ ሽታ ይመጣ ነበር። እንግዶቹ ከረፋዱ ላይ መጡ፤ ሹማምንቱ ከፊት፣ የከተማው ነጋዴዎች ተከትለው። እንደ አባቴ ያለው ገበሬ አጥሩ ጋ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። የጌታሁን አባት ሙሉ ልብስ ለብሶ ላብ በላብ ሆኗል። ጌታሁን ቀጭን ዱላ ይዞ ከመደብ ወደ መደብ እየመራቸው፣ ስለ ድንቹም ስለ ካሮቱም እሱ ብቻ ሲናገር ቆየና የእኔ መደብ ፊት ደረሰ።

ሰር ባዶውን መሬት ሲያይ ከንፈሩ ነጣ። ጌታሁን ግን አላቆመም። ምን ያድርግ፣ በቃሉ የያዘው በተርታ ስለነበር መሐል ላይ ቢያቆም ሁሉም ይጠፋበታል። ዱላውን ወደ ባዶው አፈር ዘረጋና «ዚስ ኢዝ ኤ ካቤጅ» አለ። ሥሩን አሳየ። ቅጠሉን አሳየ። ቅጠሉ ምን ያህል አረንጓዴ እንደሆነም ተናገረ። እንግዶቹ ዱላው ወደሚያመለክትበት ቦታ አብረው አጎነበሱ፤ መሬቱን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት፤ ያውም ከሌሎቹ መደቦች ሁሉ አብልጠው። አባቱ እንባውን ጠረገ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጭብጨባ ሰምቻለሁ። በሦስት መንግሥት ተጨብጭቧል፤ እኔም መሐሉ ቆሜአለሁ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ጭብጨባ ግን አላየሁም። ከፊታቸው ምንም የለም፤ ምንም እንደሌለም ያያሉ። እንግሊዝኛ ነውና ያጨበጭባሉ።

አባቴ አላጨበጨበም። አጥሩን ተሻግሮ መጣና መደቡ ዳር ተንበረከከ። አፈሩን በጣቱ ጫር ጫር አደረገው። ጆንያዬን ፈትቼ ከሁሉም ትልቁን ጎመን ሰጠሁት። አገላበጠው፣ ሥሩን አራገፈ፣ አሸተተው። ሰር ሮጦ መጣና የትምህርት ቤቱን ንብረት ሰርቃለች አለ።

«ማን ነው ያበቀለው?» አለ አባቴ።

«እሷ ናት፤ ግን...»

«እንግዲያው ቆይ።» ወደ እኔ ዞረ። «በይ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ከሥሩ ጀምሬ እስከ ቅጠሉ፣ ውኃው ከአፈር እንዴት እንደሚወጣ፣ ፀሐይ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ አልኩት። ቃል አልተሳሳትኩም። የሰማኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ከድንኳኑ የጥብስ ሽታ ስለመጣ እንግዶቹ ሄደዋል። ሰርም ተከትሏቸዋል። የቀረው እንግሊዝኛ የማያውቀው አባቴ ብቻ ነው።

«ምን አልሽ?»

«ሥሩ ይህ ነው አልኩ።»

«ልጁስ ምን አለ?»

«ያንኑ ነው ያለው።»

«ምኑን እያሳየ?»

«ምንም።»

 አባቴ ጎመኑን ወደ ጆንያው መልሶ ጆንያውን ራሱ ተሸከመ። ረታሁ ብዬ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ ከባድ ጠብታ መውረድ ጀምሮ አፈሩ ሸተተን። የምጠቀመውን አዲስ ደብተር፣ ስምንተኛ ክፍልን፣ ሁሉንም አስቤ ጨርሼ ነበር።

«ከእንግዲህ አትሄጂም» አለ፣ ሳያየኝ።

«ቆሜ ስናገር አየኸኝ እኮ አባባ።»

«አየሁሽ። ጎበዝ ነሽ፤ ሥሩም ሥር ነው። ግን ባዶ መሬት እያየ የሚያጨበጭብ ሰው ልጄን ምን ያስተምራታል?»

ለመንኩት። የሚያስፈልገኝ ትምህርቱ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም አልኩት። አልሰማኝም። ማታ እናቴ ጎመኑን ከድንች ጋር ሠራችው፤ አባቴ የፈረንጅ ጎመን የከብት መኖ ነው የሚል ሰው ነበር፣ ግን ደግሞ አስጨመረ። እያኘከ ሲያመሰግነኝ አየሁትና ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ናቅሁት። ስለ ሰዎቹ የፈረደው ትክክል ነበር፤ ግን አጥፊዎቹ ድንኳን ውስጥ ጥብስ እየበሉ ቅጣቱን እኔ ላይ ጣለው። ወልዶ ያሳደገ ሰው ይህን እንዴት አያይም?

ተጂ ተዳርኩ። ሰውየው ደግ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ልጆቻችንን ሁሉ አስተምረናል፤ በዚያ ነገር ከእኔ ጋር የሚከራከር አልነበረም። ጌታሁን ቡራዩ ላይ ትልቅ ቤት ሠርቷል ይሉኛል፤ ስብሰባ ላይ ንግግር የሚያደርገውም እሱ ነው አሉ። ይገባዋል፤ ገና ሰባተኛ ክፍል ሆኖ ነው ባዶ መሬት ማሳየት የለመደው።

ባለፈው ቅዳሜ የሲፈን የወላጆች ቀን ደረሰ። ጣሳውን ጋቢዬ ሥር ደብቄ ሄድኩ። ዘበኛው ምን ይዘዋል ቢለኝ መድኃኒቴ ነው አልኩት። አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ በየጥጉ ተደርድሯል። ልጆቹ በተራ እየወጡ አየሩን ጠቆሙ፤ ወላጆች በስልካቸው እየቀረጹ አጨበጨቡ። ሲፈን ወጥታ ዱላዋን ወደ ታች ስትዘረጋ ተነሳሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ፊት ለፊት ለመድረስ ጊዜ ወሰደብኝ። ጣሳውን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

አስተማሪዋን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ባቄላውን ግንዱ ላይ ይዛ ሳብ አደረገችው። አፈሩ ሴራሚኩ ላይ ተበተነ። ሥሩ ነጭ ነው፤ ክር ክሩ ላይ እንደ ሽፍታ ያሉ ትናንሽ እብጠቶች አሉት፤ እነሱ ናቸው መሬቱን የሚያዳብሩት። ከፍ አድርጋ ያዘችውና «ዚስ ኢዝ ዘ ሩት» አለች፤ በዚህ ሳምንት ያልሰማሁት ድምፅ ነበር።

አዳራሹ አጨበጨበ። ቀድሞ ለአየሩ ያጨበጨበውን ያህል፣ አንድ አይነት፤ ከዚያ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ለእነሱ ሥርና አየር እኩል ነው። ይሁን። እኔ ወደ ወንበሬ አልተመለስኩም። ሥሩን ከእጇ ተቀበልኩ፣ አገላበጥኩት፣ አሸተትኩት፤ ከዚያ ብቻዬን፣ ጭብጨባቸው ካለቀ በኋላ፣ አጨበጨብኩ።

ስንመለስ ሲፈን ወለሉን ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ ብላ ፈርታ ነበር። «አኮ፣ ሰኞ ቢያባርሩኝስ?» አለችኝ።

አያባርሯትም፤ እንደዚያ ያለ ድፍረት የላቸውም። ቢሞክሩም በሩ ላይ እኔ አለሁ። ያ ሰር ራሱ ነው እንግሊዝኛውን ያስተማረኝ፤ ይህንንም አልክድም። ሞኞች ናቸው ብሎ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ለሞኞቹ ትምህርት ቤቱን ለቆ መሄድ ነው፤ አባቴ ያደረገው ይህንን ነው። እኔ አልለቅላቸውም። አፈሩን ከሴራሚኩ ላይ በእጄ ጠርጌ ወደ ጣሳው መልሼዋለሁ፤ ሌላ ባቄላም ዘርተንበታል። ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ከአጠገቧ እቀመጣለሁ።