የወንድሜን ታንከር የደፈንኩ ጊዜ

አሶሳ ውስጥ የሞተርን ሆድ ከኔ በላይ የሚያውቅ መካኒክ የለም ብል ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው። ግን እውነት ነው። ማንም አላስተማረኝም። የተማርኩት ፈትቼ መልሼ መግጠም እያቃተኝ ነው። መጀመሪያ የገጠምኩት ሞተር እፍኝ ሙሉ ዳዶ ተርፎት ነበር፤ ባለቤቱ ሲጮህ "ፋብሪካው አብዝቶ ነው የላከው" አልኩት። ሞተሩ እስከዛሬ ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሜ የሞተር ሳይክሉን የቤንዚን ታንከር በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሲመጣ ታዲያ ዶሮ የገዛልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ካወጣው በኋላ አገላብጬ አየሁት። ስሩ ተበልቷል፤ ስነቀንቀው ከውስጡ ቀይ ዱቄት ይረግፋል።

"ይሄ ወንፊት ነው እንጂ ታንከር ነው እንዴ? ሚስትህ ጤፍ ትንፋበት።"

"ይሠራል አይሠራም፣ ጋሼ?"

"ማንን እንደምታናግር ታውቃለህ?"

እንዴት እንደዛገ ሳይነግረኝም አውቄዋለሁ። በግጭቱ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ እዚህ አገር ሞተር ያለው ሁሉ ያንኑ ስህተት ነው የሠራው። ሞተሩን እንዳይዘረፍ ጓሮ ቀርከሃው ውስጥ ደበቀ፤ ከመደበቁ በፊት ደግሞ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቀዳ። ምን ያርግ፣ ያኔ ቤንዚን በሃይላንድ ተለክቶ እንደ ማር ነበር የሚሸጠው። ሙሉ ታንከር አይዝግም። ባዶውን ግን የአሶሳ ክረምት ገብቶ ያድርበታል። ቤንዚኑን አዳንን፣ ታንከሩን በላነው።

"ቶሎ በልልኝ" አለኝ። "ሞተሩን የሚገዛኝ የባምባሲ ነጋዴ ታንከሩ ካላንጠባጠበ እወስደዋለሁ ብሏል።"

ቀልዴ እዚያ ላይ ቆመ። ወንድሜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወሎ እገባለሁ ሲል ከርሟል። የጎደለው የመሄጃና ቤት የመከራያ ነበር። ሞተሩ ከተሸጠ መሄዱ ነው።

በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ስንመጣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እሱ እናታችን ጀርባ ላይ ታዝሎ ይተኛል። ያደግነው ስም እንኳ በሌለው፣ በቁጥር በሚጠራ የሰፈራ መንደር ነው። እሱ ወሎን አላየውም ብል ይሻላል።

"እዚያ ማንን ታውቃለህ?" አልኩት።

"አገሬ ነው።"

"የአሶሳ ሰው መጣ ነው የሚሉህ። አባትና እናትህ የተቀበሩት የት ነው?"

"እሱን ተወው ጋሼ። ልጆቼን አቅፌ በር በር ሳይ ማደር ሰለቸኝ።"

ታንከሩን አንስቼ ወደ መሥሪያዬ ገባሁ። እኔ ክርክር አቋርጬ አላውቅም፤ ሚስቴ ትመስክር።

ሥራውን ጀመርኩ። አሮጌ የሞተር ካቴና ታንከሩ ውስጥ ከተትኩና በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከአንድ ወዳጄ ባጃጅ ኋላ አሰርኩት። መንገዳችን ጉድጓድ ስለሆነ መነቅነቁን በነፃ ይሠራልኛል። ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ዋለ። ተሳፋሪ ሁሉ "ወራጅ! ኧረ ወራጅ! ሊፈነዳ ነው!" እያለ መንገድ ላይ ስለዘለለበት ወዳጄ ማታ መጥቶ ሰደበኝ። ዝገቱ ግን ግማሹ ረገፈ።

ለቀረው የሮቃ ፍሬ ያስፈልጋል። እኛ እዚህ አርዴብ ነው የምንለው፤ ኮምጣጣው ዝገት ይበላል። ሰዉ ለሆድ ድርቀት ነው የሚጠጣው። ገበያ ሄጄ ሁልጊዜ የምትሸጥልኝን የበርታ ሴትዮ ብዙ ስፈሪልኝ አልኳት።

"ይሄ ሁሉ? ቤት ውስጥ ማን ሆድ ታመመ?"

"ሞተር ነው።"

"ሞተር ሆድ ደርቋል?"

"ደርቋል እቴ። ዝገቱን አላስወጣ ብሎታል።"

"ወላሂ አንተ ጤና የለም!" ብላ እየሳቀች አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።

በርሜል ውስጥ በአርዴብ ውሃ ዘፍዝፌው ሰነበተ። ስደፋው ውስጡ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። የቀረው ቀዳዳውን መድፈን ብቻ ነበር፣ የግማሽ ቀን ሥራ። እኔ ግን ወንድሜ በመጣ ቁጥር "ገና ነው" እላለሁ። የልብስ ሳሙና ለቅልቄ ብሰጠውስ? ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም፤ መንገድ ላይ የሚያንጠባጥብ ሁሉ የሚደፍነው በሱ ነው። ግን ውሎ ሲያድር ይለቃል፣ ነጋዴው ይመልሰዋል፣ ወንድሜም ይቀራል። አሰብኩት እኮ። ሳሙናውንም አንስቼ አየሁት።

እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ካቃተህ ንገረኝ ጋሼ፣ አትደብቀኝ። ታች ያለው አዲሱ ብየዳ ቤት ልውሰደው።"

"ማን? ያ የሰውን በር ከነግድግዳው የበየደው?"

"እሱ ቢያንስ ይጨርሳል።"

አየህ፣ እዚህ ላይ ነው የነካኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት ሥራው ላይ ተቀመጥኩ። ቤንዚን የኖረበት ታንከር ላይ እሳት ካስጠጋህ ቅንድብህን ይዞብህ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አፉን ዘግቼ ገለበጥኩትና በቀዳዳው ውሃ ሞላሁት፣ ቀዳዳው ብቻ በላይ ቀረ። አካባቢውን እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግኩ። ስታኞ የሚሉትን የብየዳ እርሳስ አቅልጬ አፈሰስኩበት፣ በላዩ ቁራጭ ቆርቆሮ ጣልኩ፣ እንደገና አፈሰስኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እጄን ስሙልኝ የሚያሰኝ ነው።

ከዚያ አድርቄ ቤንዚን ሞላሁትና ደረቅ ካርቶን ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ካርቶኑን አነሳሁ። በሕይወቴ ሥራዬ እንዲበላሽ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዲት ጠብታ ብትገኝ ምን አለበት? በጣቴ ዳበስኩት። አሸተትኩት። ካርቶኑ ድርቅ ብሏል።

ታንከሩን ሞተሩ ላይ ገጠምኩት። ነጋዴው መጣ፣ ከታንከሩ ሥር ተንበርክኮ አየ፣ እጁን ሰደደ፣ አንድ ነገር አላገኘም። "ማን ነው የሠራው?" አለ።

"እኔ ነኛ!" አልኩ። ደረቴንም ነፋሁ መሰለኝ።

በሳምንቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ልጆቹ መስኮቱን ለመያዝ ይገፋፋሉ፣ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ፍራሻቸው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል። ወንድሜ አንገቴን አቀፈኝና በጆሮዬ፣

"ጋሼ፣ እግዜር ይስጥህ። አንተ ባትኖር እኮ አንሄድም ነበር" አለኝ።

ከልቡ ነው። ሊያመሰግነኝ ነው።

"ምን ይደረግ፣ እጄ አያውቅበትም አይባል" አልኩት ጮክ ብዬ። እሱ ሳቀ፣ ሚስቱም እያለቀሰች ሳቀች፣ አጠገባችን የቆመው ረዳት እንኳ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። አውቶቡሱ ታጥፎ እስኪሰወር እኔም ስስቅ ቆምኩ። ፊቴ ከዚያ ሌላ ነገር አላውቅም አለኝ።