መዝጊያ ያልነበረው ዘፈን

ባሕር ዳር ሊታይ የተዘጋጀ የአንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኖች የማን ድርሰት እንደሆኑ ለማጣራት ልምምዱ ላይ ተገኘሁ። አዘጋጁ "የእኔ ናቸው" አለ። እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ "የሟቹ ባለቤቴ የመሪጌታ ናቸው" አሉ።

"ማስረጃ አለዎት?" አልኋቸው።

"የመጨረሻውን ዘፈን መዝጊያ ሳይጽፉ ነው ያረፉት።"

የአዘጋጁን ጽሑፍ አየሁ፤ እውነትም መዝጊያ የለውም። ተዋናይዋ ግን ስትለማመድ መዝጊያውንም ጨምራ ዘፈነችው።

አዘጋጁ ደነገጠ። "ይኼን ማን አስጠናሽ?"

"ጠዋት ሐይቁ ዳር ያገኘኋቸው ሽማግሌ፣ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ።"

እማማ ቀስ ብለው ጠየቋት፤ "ስትሳሳቺ እንደ ልማዳቸው የእግርሽን አውራ ጣት መቱሽ?"

ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች። ጥፍሯ ጠቁሯል።

አዘጋጁ ከፖስተሩ ላይ ስሙን ለመሰረዝ እስክሪብቶዬን ለመነኝ።