የማሩ ጀሪካን

በረኪና ሲሸተኝ እናቴ ድቅን ትልብኛለች። ሌላው ሰው እናቱን በቅቤ ወይም በሽቶ ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ ግን የሆቴል ወለል ሲወለወል ባየሁ ቁጥር መቱ፣ የእድራችን ድንኳን ደጃፍ ላይ እቆማለሁ።

ያን ክረምት አተት ገብቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጭቃውን እየረገጠች በየለቅሶው ትዞራለች። «ንፍሮ ከአንድ ሰፌድ አትዝገኑ፣ እጅ አትጨባበጡ» ትላለች፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። በሁለቱም ቋንቋ ሰሚ አጣች። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እጁን ካልጨበጥኩት ሐዘንተኛው ለቅሶ መድረሴን በምን ያውቃል? ደብዳቤ ልጻፍለት?» ሲሏት ድንኳኑ ሐዘኑን ረስቶ ሳቀ።

የተማሩ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ድንቁርና» ይላሉ። እነሱ ቀባሪ ማጣት የሚያሳስብበት ሰፈር ኖረው አያውቁም። እኛ ዘንድ ከበሽታ ይልቅ ከእድር መውጣት ያስፈራል።

የእድሩ ዳኛ እናቴ ነበረች። ሠራተኛዋ ቤታችን መጥታ፣ «እትዬ፣ እኔን አይሰሙኝም፤ እርስዎን ግን ይሰማሉ» አለቻት።

«በሰው ሐዘን ላይ አዲስ ደንብ አልጀምርም» አለች እናቴ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሞተ። በአተት አይደለም፤ የቆየ የልብ ሕመሙ ነው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ አባቴ ከያዮ ማር ያመጣበት የነበረውን ቢጫ ጀሪካን አጥባ፣ በረኪና የገባበት ውሃ ሞልታ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አቆመችው።

«ሳይታጠብ የገባ በእድሩ ይቀጣል። ንፍሮ አይዞርም። እኔንም ማንም አያቅፈኝም።»

«የባሏን ንፍሮ ሰሰተች!» አለች ጎረቤታችን፣ ሰው እንዲሰማላት ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«ሰስቻለሁ። የሚቀጥለውን ድንኳን አንቺ ደጅ መትከል አልፈልግም።»

ከዚያ እኚያ ቀልደኛ ሽማግሌ ቀድመው ታጠቡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሩቅ ጎንበስ አሉላት። ሌላው ተከተለ፤ ጎረቤታችንም እያጉረመረመች ታጠበች። ሠራተኛዋ ክረምቱን ሙሉ ለምና ያላገኘችውን እናቴ በአንድ ጠዋት አገኘችው። ዋጋውን ግን ራሷ ከፈለች፤ ባሏን ያለ አንድ እቅፍ አለቀሰች። ልጠጋት ስል እኔንም በዓይኗ መለሰችኝ። ከዚያ ለቅሶ በሽታ ይዞ የሄደ የለም። እስከ ዛሬ ይህን ሳወራ ደረቴ ይነፋል።

አምና እናቴ አረፈች። መቱ ስደርስ አተት የለም፣ ወረርሽኝ የለም፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ግን ጀሪካን ቆሟል። አልፌው ልገባ ስል ያቺው ጎረቤታችን፣ አርጅታ፣ በከዘራዋ መንገዱን ዘጋችብኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ቆይ! መጀመሪያ ታጠብ። የእናትህ ደንብ ነው።»

ታጠብኩ። እጄ ሳይደርቅ አቀፈችኝ፤ አጥብቃ፣ ረጅም ጊዜ፣ ያኔ እናቴን ያላቀፈቻትን ጭምር።