ይድነቃቸው ምስክርነት ሲሰጥ

ድሮ ቆቦ ገበያ ስንወጣ፣ ከአረቄ ሻጯ ከማሚቴ ግቢ የሚመጣው ሽታ ገበያተኛውን ተከትሎ መንደራችን ሮቢት ድረስ የሚገባ ይመስለን ነበር። ጎረቤቴ ይድነቃቸው ወጣትነቱን የጨረሰው እዚያ ግቢ ነው። ሲጠጣም የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ይጠጣል።

አምና ሚስቱ ወሰንየለሽ ከቆቦ በላይ ወዳለው ጠበል ወስዳ ለመምሬ ብርሃኑ አስረከበችው። እዚያ ወንዶቹ ባንድ አዳራሽ ያድራሉ፤ ማለዳ ይጠመቃሉ፣ ቆሎ ቆርጥመው ይጸልያሉ። የዳነ ሰው በጉባኤው ፊት ይመሰክራል፤ ተመርቆም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይድነቃቸው በእውነት ዳነ። ከፋሲካ በኋላ መሰከረ፤ ሰው ተላቀሰ። በሳምንቱ "እስቲ ድገምልን" አሉት፤ ደገመ። ያ ዝምተኛ አፍ አወጣ! ባጃጅ ተኮናትሮ ሊሰማው የሚመጣው በዛ፤ እሱም ተመርቆ ሳለ እዚያው ቀረ። በመጀመሪያው ምስክርነቱ አንድ በሬ ሸጦ የጠጣው ሰው፣ ክረምት ሲገባ በወሬው ጥንዱን ከነቀንበሩ ጠጥቶ አረፈው።

በጥቅምት ማሽላው ፍሬ ያዘ፤ ግሪሳም ወረደበት። ወሰንየለሽ ማማ ላይ ቆማ ስትጮህ፣ ወንጭፍ ስትወነጭፍ ድምጿ ተዘጋ። በመጨረሻ እኔን አስከትላ ወደ ጠበሉ ወጣች።

"አንተ፣ ማሽላችን አለቀ እኮ! ዛሬውኑ አብረኸኝ ውረድ።"

"እንዴ ወሰኔ፣ እሁድ አይደል? ሰው ከዋጃ ድረስ መጥቷል።"

"ግሪሳውም ከዋጃ በኩል ነው የመጣው።"

መምሬ ብርሃኑ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና "ልጄ፣ እኔማ ከመረቅሁት ቆየሁ። በሩም ክፍት ነው" አሏት።

"ይቺን ብቻ ልናገርና እንሄዳለን" አለ ይድነቃቸው።

"'ይቺን ብቻ'! ማሚቴ ቤት ልጠራህ ስመጣም የምትለኝ ይህንኑ ነበር።"

 ጉባኤው እየጠበቀ ነበርና ይድነቃቸው ተነሣ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

"ወንድሞቼ! ያ አረቄ ከጉሮሮዬ ሲወርድ እንደ እሳት፣ ሆዴ ሲገባ እንደ ማር..."

ጥግ የተቀመጡት አዲስ ገቢዎች ምራቃቸውን ዋጡ።

"ሚስቴ ደጅ ቆማ 'ና፣ ቤትህ ግባ' ስትለኝ እንቢ አልኋት! ዛሬ ግን፣ ክብር ለእሱ ይሁንና፣ ወደ ሚስቴ ተመልሻለሁ!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ዞር ስል፣ ወሰንየለሽ ወንጭፏን ከወገቧ ፈታ በእጇ እየጠቀለለች፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትለው በሩን አልፋ ወጣች።