በቡቺ ያሳበብኩት በሶ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ገብሱ ዛላ የያዘበት ወራት እንደነበረና ቀኑ ዓርብ እንደነበረ ግን አልረሳሁም። ለሚስቴ አልነገርኳት፣ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩት። ለእናንተ የምነግራችሁ ምናልባት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ዛሬ የምኖርበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ያን ጊዜ እርሻ ነበር። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሳይ፣ ሰው ለሚኒባስ የሚሰለፍበት ቦታ ላይ አሁንም ገብስ ይታየኛል፤ ነፋስ ሲያስተኛው፣ መልሶ ሲያነሳው። ከርከሮ እየገባ ሲያወድምባቸው ገበሬዎቹ ጌታሁንን ይጠሩታል። ጌታሁን የልብ ወዳጄ ነው። ጠመንጃ ነበረው፣ ተኩሶም አይስትም። ውሻው ቡቺ ያሸታል፤ እኔ ስንቅ እይዛለሁ። ሦስታችን እንዲህ ነበርን።

ቀኑን ሙሉ አውሬ መከተል ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ እናቱ በማር ያሸችውን በሶ በትንሽ ስልቻ ትሰጠናለች። ከዚያ አንድ ጭብጥ ጎርሶ ውሃ የጠጣበት ሰው እስኪመሽ ዳገት ይወጣል። ስንቅ ያዥ ተኳሹ ሳይጎርስ አይጎርስም፤ ደንባችን ነበር። ያን ቀን ደግሞ ዓርብ ነው፤ ጾሙ የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እስከዚያ ማንም አይነካውም።

እኔ ነካሁት። ስድስት ሰዓት ገደማ ጌታሁን ዱካ ሊያይ ወደ ወንዙ ወረደ፤ እኔ ቡቺን ይዤ ወይራው ሥር ቀረሁ። አንድ ጭብጥ ብቻ ብዬ ስልቻውን ፈታሁ። ማሩ አፌ ውስጥ ሲሟሟ ጉልበቴ ሲመለስ ይሰማኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝና ጣዕሙ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ልብ ስል ከግማሽ በላይ በልቼዋለሁ። ርቦኝ ነበር? አዎ፣ ርቦኝ ነበር። እሱስ? እሱ ከእኔ ይልቅ ሲሮጥ ነው የዋለው።

በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ተቀመጠና አማተበ። ስልቻው ጎድሎ ሲያገኘው ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ ቡቺን አየሁት።

«ዞር ስል ገባበት» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ በዚህ አፌ።

ውሻ የነካውን እህል የእኛ ሰው እንደማይቀምስ ታውቃላችሁ። ለእሱ የሚበቃ ቀርቶ ነበር። ንጹሕ ነበር፤ ከእኔ እጅ በቀር የነካው የለም። ይህን ለማለት ግን የበላሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ጌታሁን የተረፈውን ድንጋይ ላይ ገለበጠና «በል እንግዲህ፣ ጀምረኸዋል፣ ጨርሰው» አለው ቡቺን፣ እየሳቀ። ቡቺም ጠራርጎ በላው። ሲበላ ቆሜ አየሁ። ተው ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ አላልኩም።

እኔ እንመለስ ብለው፣ እሱ ለገበሬዎቹ ምን ልላቸው ነው ብሎ ተነሳ። በባዶ ሆዱ ዳገቱን ሲወጣ ጉልበቱ ከዳውና ተንከባለለ። ስደርስ ከንፈሩ ነጥቷል፣ ቀኝ እግሩ ተሰብሯል። ሞተብኝ አልኩ። አዝዬው እታች ወደነበረ ጎጆ ሮጥኩ። ጉልበቱን ከየት አመጣሁት? ከእሱ ድርሻ ነዋ።

በጎጆው የተቀበለችን ጠና ያለች የኦሮሞ ሴት ናት። ማር በውሃ በጥብጣ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣችው፤ ዓይኑን ገለጠ። ያለ ስንቅ ነው የወጣችሁት ብትለው፣ ራሱ ጌታሁን የቡቺን ነገር አጫወታት። ቡቺን አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ኋላ ከጓሮ ውሃ ስቀዳላት ተጠጋችኝ።

«እጅጌህ ላይ የበሶ ፍርፋሪ አለ፣ ልጄ። አራግፈው» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሲሻለው ራስህ ትነግረዋለህ።»

አራገፍኩት። አልነገርኩትም።

ጌታሁን እያነከሰ ኖረ። ጠመንጃውን ሰቀለው፣ ቡቺንም ለሰው ሰጠው። ካረጀን በኋላ እኔ ቦሌ ሩዋንዳ አንድ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ሳለሁ፣ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥና የሰፈሩን ልጆች ያስቃቸዋል። ይህን እግሬን ከርከሮ መስሏችኋል? ቡቺ ነው የበላው፣ ይላቸዋል። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስንት ጊዜ ሳቅሁ? በእያንዳንዷ ሳቅ ያንን በሶ እንደገና በልቼበታለሁ። አምና ቀበርነው፤ እዚያም አፌ አልተከፈተም።

ያ ዘመን ይናፍቀኛል ብል ትታዘቡኝ ይሆናል። ይናፍቀኛል። ጌታሁን ጠዋት ጤዛው ላይ ከፊቴ ሲሄድ የሚያፏጨው ፉጨት ይናፍቀኛል።

ረሃብ ነው፣ ልጅነት ነው አልልም፤ በቡቺ ማሳበቤ ይበቃኛል። ይቅር የሚለኝም ሰው ሄዷል። ያን ቀን እሱን ከሞት አትርፋ፣ እኔን ሳታዋርድ የሸኘችን ያቺ ሴት ናት፤ አደራዋን ግን በላሁባት። አዴ ብሪቱ ነበር ስሟ።