ኸይሩ ጋ ወራጅ

ከሶዶ ወደ ሻንቶ ሚኒባስ እነዳለሁ። በዚህ መንገድ የቦታ ስም የሚያወጣው መንግሥት እንዳይመስላችሁ፤ ወራጅ ነው። ዛፍ ካለ «ዛፉ ጋ»፣ ወፍጮ ካለ «ወፍጮው ጋ» ይላል፣ አለቀ። የዳሞታን ተራራ አለፍ ብሎ ያለው ሰፊ ሜዳ ደግሞ «ኸይሩ ጋ» ነው የሚባለው። ኸይሩ ከስልጤ አገር መጥቶ፣ ቤት በሌለበት በዚያ ሜዳ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ከእሱ በፊትማ ሜዳው በወላይትኛ ሌላ ስም ነበረው፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ካለ ጥሩልኝ!

ኸይሩ ሞተ፣ ሱቁም መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ሚስቱ እማማ ጦይባ ሜዳው ዳር ብቻቸውን ቀሩ። ልጅ አልወለዱም። «ፎቶ እንኳ አይወድም ነበር። የቀረኝ ስሙ ነው» ብለውኛል። እሱኑ ለመስማት ሲሉ ሽንኩርት ልግዛ ብለው ሶዶ ይመላለሳሉ። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ሽንኩርት! አንዱ ተሳፋሪ «ኸይሩ ጋ ወራጅ!» ሲል በመስታወት አያቸዋለሁ፤ ፊታቸው ይፈታል። አንጀቴን ይበሉታል።

ዘንድሮ ሜዳው ላይ ነዳጅ ማደያ ተሠራ። ወዲያው ሰዉ ሁሉ «ማደያው ጋ» ማለት ጀመረ።

«ኸይሩ ጋ በል እንጂ ልጄ!» ይላሉ እማማ ዞር ብለው። «ማደያ በየአገሩ አለ።»

ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ ደግሞ ሳቁ ያበግነኛል። እሳቸው ከተሳፈሩ ማንም ሳይቀድመኝ «ኸይሩ ጋ ወራጅ አለ?» ብዬ እጮሃለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ዝናቡ መንገዱን አጥፍቶብኝ ነበር። እማማ ከኋላዬ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከፊቴ ካለው የጭነት መኪና ጋር ስታገል ሜዳው ደረሰ፤ እኔም ሳልጮህ ላልፍ ስል እማማ ብንን አሉ።

«ማደያው ጋ! ማደያው ጋ ወራጅ!»

አቆምኩ። ማንም ልብ አላለም። እማማ ግን በሩን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ያ አላህ! ምን አልኩ?»

«ኸይሩ ጋ ነው ያሉት፣ እማማ።»

«አትዋሸኝ፤ ሰምቼዋለሁ። ሰው ቢለው ይበል። እኔም?»

ሽንኩርታቸውን ላቀብላቸው ብል እጃቸውን አልዘረጉም። ወርደው በዝናቡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባሴ ላይ አልወጡም።