የበትር ሦስተኛው ፍች

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቤት የተሳፈርሁበት ባጃጅ ስብከት ከፍቶ ነበር። ሾፌሩ ድምፅ ማጉያውን የገጠመው ልክ ከተሳፋሪው ጆሮ ሥር ነው። ሰባኪው ልጅ ስለ መቅጣት ያስተምራል። ልጁን የሚወድ አባት በትሩን አይሰስትም የሚለውን የጥንት ቃል እያነሣ፣ «ምቱ ነው የሚለው፣ ሌላ ፍች የለውም» እያለ ይጮኻል። ባቴ ላይ ድሮ የዳነው ቁስል አሳከከኝ። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። ሾፌሩን እዚሁ አውርደኝ አልሁትና ዝናብ እየመታኝ በእግሬ አዘገምሁ። ያ ቃል ሲተረጎም መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ አፍ ነው።

አባቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። እዚሁ ጎንደር፣ ስሙን በማልነግርሽ ደብር፣ ከቅጽሩ ጥግ ካለው ወይራ ሥር ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ የኔታ ይሏቸዋል፣ እኔ አባባ። አንቱ እያልሁ ነው ያደግሁ፤ ይኸው ሞተውም አንቱታው ከአፌ አልወጣም።

ትርጓሜ እንዴት እንደሚባል ታውቂ እንደሆነ አላውቅም። ተማሪው አንድ ቃል ያነባል፣ መምህሩ ይፈታዋል። ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ፍች ይጨምራል። ደግሞ «አንድም» ይላል፣ ሌላ ይጨምራል። እኔ ሴት ልጅ ነኝና ከጉባኤው መሐል ቦታ አልነበረኝም፤ ከድንጋዩ ካብ ኋላ ተቀምጬ ነበር የምሰማው። በልጅ አእምሮዬ የኋለኛው ፍች የፊተኛውን ይሽረዋል ብዬ አምን ነበር። አባባ ሲፈልጉ ሲፈልጉ ቆይተው መጨረሻ ላይ እውነቱን አገኙት ማለት ነው እል ነበር። ማንም አላረመኝ፤ ማንንስ ጠይቄ።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ፍልሰታ ነበር። በፍልሰታ እኛ ልጆች እህል ሳንቀምስ ውለን፣ አስቀድሰን እንቆርባለን። አንድ ቀን ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መንገድ ዳር አንዲት ሴት የደምቢያ እሸት በቆሎ ከሰል ላይ ትጠብሳለች። ያ ሽታ ከእርጥቡ አፈር ሽታ ጋር ሲመጣ፣ ምን ልበልሽ፣ ሆዴ ከዳኝ። ጓደኛዬ ያን ለት የማትቆርብ ነበረችና ገዝታ እየጋጠች ነው። ገምሳ ሰጠችኝ፣ በላሁት። ከቅዳሴው በኋላ ከሰልፉ ልቅር ብል የመምህሩ ልጅ ምነው ቀረች መባሉ አይቀርም። ፈራሁና ቆረብሁ።

ለሌላ ሰው ቀላል ይመስል ይሆናል። በልቶ መቁረብ ምን እንደሆነ ግን የካህን ልጅ አይጠፋትም። እህል አልዋጥልሽ አለኝ። ነጎድጓድ ባጉረመረመ ቁጥር እኔን ፍለጋ የመጣ ይመስለኛል። ለእናቴ ልነግራት እጀምርና አባባን ፈርቼ እተወዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሰነበትሁና አንድ ቀን ብርዱ ሲበረታ እናቴ ጋቢያቸውን አድርሺላቸው ብላ ላከችኝ። ስደርስ ያን የበትር ቃል እየተረጎሙ ነበር። ካቡ ኋላ ቁጢጥ አልሁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በትር በትር ነው፣ ያማል፣ ልጅ ሲያጠፋ ይታረምበታል አሉ። አንድም፣ በትር የተባለው ተግሣጽ ነው፣ ምክር ነው አሉ። ወይራው ያቆረውን ውኃ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ይሰማኛል።

«አንድም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእረኛ በትር ነው። እረኛ በጉ ገደል ቢገባ በትሩን ዘርግቶ ይስበዋል እንጂ በወደቀበት አይደበድበውም። ልጅም ወደቅሁ ብሎ ከመጣ የአባቱ በትር መውጫው ነው።»

ካቡ ኋላ ሆኜ አለቀስሁ። ሦስተኛው ፍች ነዋ፣ የመጨረሻው።

ጉባኤው ሲፈታ መንገድ ላይ ጠብቄ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዤ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ተደብቄ መስማቴን ሳይቀር። ቀጥ ብለው ቆሙ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህን ሌላ ማን ያውቃል ብለው ነው። ልጅ አይደለሁ፣ አልነቃሁም። ጓደኛዬ ብቻ አልኋቸው። ከዚያ ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «መናገርሽ ሸጋ ነው። ለንስሐ አባታችን እኔው እነግርልሻለሁ። አልመታሽም፣ አይዞሽ» አሉኝ። ቤት የገባሁት እየዘለልሁ ነው። ያን ለት እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ወሬ መቼ ያርፋል። ጓደኛዬ ለእናቷ፣ እናቷ ለማኅበርተኞቿ፣ ደብሩ ሁሉ ሰማው። ሥርዓት የሚያስከብሩት የደብሩ ገበዝ ሰው መሐል አባቴን ይዘው፣ የሰው ልጅ ያስተምራሉ፣ የራስዎ ልጅ በልታ ትቆርባለች አሏቸው አሉ። ይህን ከእናቴ የሰማሁት ኋላ ነው።

ገበዙ ያን ባሉ ማግሥት አባባ እጄን ይዘው ወደ ጉባኤው ወሰዱኝ። ደስ አለኝ እኮ! ከካቡ ወዲያ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ተማሪዎቹ ተቀምጠዋል፣ ገበዙም መጥተዋል። አባባ አንዱን ተማሪ አርጩሜ ቁረጥ ሲሉት እንኳ ለእኔ ነው ብዬ አልጠረጠርሁም። ባቴን ሲመቱኝ ነው የገባኝ። ደገሙኝ። ደም አዥቶ እግሬ ላይ ሲወርድ ሞቀኝ።

«አባባ፣ አልመታሽም ብለውኝ አልነበር?» አልኋቸው።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አባባ ወደ እኔ አላዩም። ለገበዙ በሚሰማ ድምፅ «የፊተኛውን ፍች ማን ሻረው? በትር በትር ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። በትርጓሜ ሥርዓት «አንድም» ሲባል የፊተኛው አይፈርስም። ሁሉም አብሮ ይቆማል፣ መምህሩ እንደ ጊዜው የሚሻውን ይመዛል። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። ግን እኔን አልመታሽም ያሉኝ እኮ ሲተረጉሙ አልነበረም፤ መንገድ ላይ፣ በተራ አማርኛ፣ ራሴን እየዳበሱ ነው። ይህ ስንት ፍች አለው? እስካሁን ይቆጨኛል። ለሰው አፍ ሸጡኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

እናቴ ቁስሌን በኑግ ዘይት አሸችልኝ። እኔም ካቡ ኋላ ዳግመኛ አልተቀመጥሁም። ፈተና ስወድቅ፣ ሰው ስወድ፣ ትዳሬ ሲፈርስ፣ አባቴ ሁሉንም የሰሙት ከጎረቤት ነው። ይህች ልጅ ሆዷ አይታወቅም እያሉ ለእናቴ ያማርሩ ነበር።

ሊሞቱ ሰሞን ጠያቂው ብዙ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ዛሬ እነሱም መምህራን ሆነው፣ አልጋቸውን ከበው ይውላሉ። አንድ ከሰዓት ስለ ዘመኑ ልጆች ወሬ ተነሣና አንዱ ዱላ ስለ ጠፋ ነው አለ። አባባ ከትራሱ ቀና አሉ።

«እኔ በዚህ እጄ ልጅ መትቼ አላውቅም። በቃል ነው ያሳደግኋት። ይቻትና፣ ጠይቋት።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አጥሚት ይዤ ቆሜያለሁ። ፊታቸውን አየሁት፤ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። ረስተውታል። እኔ ሠላሳ ዓመት የተሸከምሁትን እሳቸው የት እንደ ጣሉት እንኳ አያውቁም። ያኔ ከመቱኝ ቀን ይልቅ በዚያች ከሰዓት ነው የከዱኝ የመሰለኝ። ደግሞ እጃቸው ቀጥኗል፣ ብርጭቆ አያነሣም።

«አዎ አባባ፣ መትተውኝ አያውቁም» አልሁ። አጥሚቱን አስጎነጨኋቸው፣ አፋቸውን ጠረግሁላቸው። ደስ ብሏቸው ተኙ።

እናቴ ተከትላኝ ወጥታ ማድቤቱ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምነው ዋሸሽ፣ ልጄ? እውነቱን ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?»

«አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ነበር» አልኋት።